አራተኛዋ ምት

ጥቅምት 8 ቀን

ለማይደውለው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የወጥ ቤቱ በር አሁንም በእግር ካልተገፋ አይዘጋም። በደብዳቤህ “ሰማያዊ ሹራቤን ረስቼው መጣሁ ወይ?” ብለህ ጠይቀሃል። አልረሳኸውም፤ ሻንጣህ ውስጥ ከታች፣ በፎጣ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩልህ እኔው ነኝ። እስካሁን ሻንጣህን እስከ ታች አላራገፍከውም ማለት ነው። እሰየው። ሻንጣውን ያላራገፈ ሰው ሊመለስ አስቧል ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ የሚያራግፍለት ሰው አግኝቶ ቢሆንስ ብዬ ደስታዬን ተውኩት።

ስለ ተተኪህም ጠይቀሃል። ሕንፃው ሙሉ “ፉጨት” ነው የሚለው። ሲሠራ ያፏጫል፣ ሲበላ ያፏጫል፣ አለቃ ሲቆጣው ሳይቀር በጥርሱ መሃል ያፏጫል። ክፉ ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብሎ ወደ አሳንሰሩ ጉድጓድ ሊገባ ሲል በኮሌታው ጎትቼ መለስኩት።

“ስማ፣” አልኩት፣ “እኔ ላይ ሞተሩ ክፍል ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቼ፣ እጄን ከእጀታው ሳላነሳ እቆማለሁ። አንተ ከመግባትህ በፊት ሐዲዱን በመፍቻ ሦስቴ ትመታለህ፤ አለሽ ወይ ማለት ነው። እኔም ሦስቴ እመታለሁ፤ አለሁ፣ ጠፍቷል፣ ግባ ማለት ነው። መልሴን ሳትሰማ ከገባህ በኋላ እኔን እንዳትወቅስ።”

“እትዬ፣ በስልክ ብንደዋወልስ?” አለኝ።

“ስልክ ይዘጋል፤ ብረት አይዘጋም” አልኩት።

እኔና አንተ ዕድሜያችንን የበላንበትን ደንብ ነው ያስተማርኩት። አራተኛዋን ምት ግን አላስተማርኩትም። እሷ የደንቡ አይደለችም። እሷን አንተም ረስተሃታል።

አሁን ተራው የኔ ነው፣ ልጠይቅ። እዚያ ማጥፊያው ጋ ማን ነው የሚቆምልህ? ስልክስ ለምን አታነሳም? ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ የማላውቃት ሴት “የደወሉላቸው ደንበኛ አይመልሱም” ትለኛለች። አለመመለስህን እኔ አጥቼው ነው እሷ የምትነግረኝ? ጎረቤቶቼ ሁሉ ከባሎቻቸው ጋር እየተሳሳቁ በስልክ ሲያወሩ፣ እኔ እስክሪብቶ ይዤ እንደ ተማሪ እቀመጣለሁ።

መልስልኝ።

የቤትህ ሰው


ጥቅምት 25 ቀን

ለቤቴ ሰው፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ረጅሙም፣ የተቆጣሽበት አጭሩም። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሹራቡን አገኘሁት።

ስልክ የማላነሳው እዚህ ጫጫታ ስለሆነ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል። ያመለጠኝን ቃል ተመልሼ አነበዋለሁ።

በአጭሩ ደብዳቤሽ፣ ሕንፃው ረጅም ነው አሉ፣ ገመዱ ቢበጠስስ ብለሻል። አትፍሪ። የአሳንሰሩን ሳጥን የሚይዘው አንድ ገመድ አይደለም። ብዙ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢቀር እንኳ ይይዘዋል። ሁሉም ቢበጠሱ ደግሞ ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆመው ፍሬን አለ። አሳንሰር የሚታመነው የማይበላሽ ነገር ስላለው አይደለም። አንዱ ሲከዳ ሌላው እንዲይዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

ማጥፊያው ጋ ሰው አለ። አታስቢ።

ፉጨትን ሻይ አታስለምጂው።

ባለቤትሽ


ኅዳር 12 ቀን

ለባለቤቴ፣

ሰላም ብያለሁ፤ ሰላምታው በዚህ ይብቃ።

ወንድሜ ትናንት የጭነት መኪናውን አቁሞ ወደ ቤት ገባ። ዕቃ አራግፎ ሲመለስ አንተ ዘንድ ጎራ ብሎ እንደነበር ነገረኝ። አንተ በደብዳቤህ ስለ መምጣቱ አንዲት ቃል አልጻፍክም፤ ለምን እንዳልጻፍክ ዛሬ ገባኝ። ወሬ ማውጣት እንዴት እንደሚያቅተው ታውቃለህ፤ ከሱ ቃል ከማውጣት ጥርስ መንቀል ይቀላል።

“እንዴት ነው?” አልኩት።

“ደህና ነው። ትንሽ ወፈር ብሏል።”

“ማን ቀልቦት ነው የወፈረ?”

“እኔ እንጃ። ማጥፊያው ጋ የምትቆም ሴት አለች፤ ቢጫ ቆብ ያደረገች።”

“ስንት ዓመቷ ነው?”

“እኔ የሴት ዕድሜ አላውቅም።”

“ከኔ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች?”

“እህቴ፣ ሻይ አለሽ?” አለኝ።

እንደምታንስ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሻዩን ከለከልኩትና ቀሪውን አወጣሁ። ከኋላህ መጥታ ትከሻህን ነካችህ አሉ። አንተም ዞር ብለህ ፈገግ አልክላት። ስታወራህ ዓይንህን ከአፏ ላይ አትነቅልም። “አፏን አፏን ያያል” ነው ያለኝ፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ። ለሥራ ብላ ደግሞ ጉድጓዱ በር ላይ ቀይ መብራት ሰቅላልሃለች። ቀይ መብራት! እኔ ስንት ዘመን ጨለማ ውስጥ ቆሜልህ ሻማ እንኳ አልሰቀልክልኝም።

ይኸውልህ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ስትሄድ በሆዴ ይዤው የቀረሁትን። አራተኛዋን ምት ታስታውሳለህ? ሦስቱን ከመለስኩልህ በኋላ ትንሽ ቆይቼ አንዲት ለብቻዋ እመታልህ ነበር። “እወድሃለሁ” ለማለት ስንት ዓመት የሞተር ቅባት የጠጣ ክፍል ውስጥ አፍ አይሞላም፤ በብረት ይቀላል። አንተም ከታች አንዲት ትመልስልኝ ነበር። ስንጣላ እንኳ ትመልስ ነበር፤ ጠንከር አድርገህ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ተውካት። እኔ እመታለሁ፣ ከታች ዝም። በማግስቱ ደግሜ እመታለሁ፣ አሁንም ዝም። ሰው ያረጃል፣ ይሰለቻል ብዬ ዋጥኩት። አልጠየቅኩህም። ምን ብዬ ልጠይቅ? “ለምን ብረቱን አልመታህልኝም” ብላ ባሏን የምትከስ ሴት የት አለች?

አሁን ሳስበው ለሌላ ሰው እያጠራቀምካት ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ። በስምህ ብትጠራህ አይበቃትም ነበር? ትከሻ መንካት ምን አመጣው?

የቤትህ ሰው፣ ገና እስካሁን


ኅዳር 27 ቀን

ለቤቴ ሰው፣

ወንድምሽ ሻይ ስለተከለከለ አዝኛለሁ።

ልጅቷ ማጥፊያው ጋ የምትቆመው ናት። በሥራዋ ጎበዝ ናት። ትከሻዬን የነካችኝ ልትጠራኝ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ለምን በስምህ አልጠራችህም ላልሽው፣ ስመጣ እነግርሻለሁ። በወረቀት አይሆንልኝም።

ለእረፍት በዚህ ወር እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አልችልም። ይቅር በይኝ። አለቃው አልከለከለኝም፤ እኔው ነኝ። እዚያ ስመጣ “ፉጨት ታሟል፣ አንድ ቀን ጉድጓዱ ግባልን” ማለታቸው አይቀርም፤ ለዚያ አሁን ዝግጁ አይደለሁም።

ስለ አራተኛዋ ምት የጻፍሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ባለቤትሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለሰውዬው፣

“ባለቤቴ” ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ወረቀት እንዳላባክን በጀርባው እየጻፍኩ ነው። ብትገለብጠው ታገኘዋለህ።

ሁለት ነገር ሆነ። የመጀመሪያው፣ ፉጨት ዳቦውን እየበላ ሳያስበው አንድ ነገር አመለጠው። “ባልሽ እድለኛ ነው፤ እኔ ዝውውር ስጠይቅ አይሰጡኝም፣ እሱ በጠየቀ በሳምንቱ ሰጡት” አለኝ። እኔ ኩባንያው በግድ የላከህ ነበር የመሰለኝ። ምን ይደረግ፣ ትእዛዝ ነው ብለህ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለካ ትእዛዙን ያዘዝከው አንተ ነህ! ለፉጨት እንዳላወቅኩ አልነገርኩትም። “አዎ፣ ተነጋግረንበት ነው” አልኩት። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ አፍሬ ነው።

ሁለተኛው፣ የሥራ ቦታህን ቢሮ ስልክ ቁጥር ከአለቃ ጸሐፊ ለምኜ ወሰድኩና ደወልኩ። ያነሳችው ያቺ ባለ ቢጫ ቆቧ ናት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ የጠበቅኩት ነው።

“ማን ልበል?” አለችኝ።

“ሚስቱ” አልኳት። የማን ሚስት እንደሆንኩ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ይኼንን ልብ በልልኝ።

“እትዬ፣ እሳቸው ስልክ አያናግሩም” አለችኝ።

“ከኔ ጋር ነው የማያወሩት ወይስ ከሰው ሁሉ?”

“ከማንም ጋር። እሳቸው ራሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል።”

እሳቸው! ሰው ሲሰማት እሳቸው፣ ሰው በሌለበት አንተ። ደህና ዋይ ሳልላት ዘጋሁባት።

አሁን የምጽፍልህን ተረጋግቼ ነው የምጽፈው። ሌላ ሴት ብትወድ፣ እሺ፣ ይደርሳል፤ አልቅሼ፣ ሰድቤህ፣ ድስቶቼን ይዤ እወጣ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ማጥፊያው ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባህ ቁጥር ነፍስህ ያለችው በኔ እጅ ነበር። እጄ ሲዝል በሌላው እጄ እይዘው ነበር። በዓለም ላይ ማንም ያልሰጠኝን ነገር አንተ ሰጥተኸኛል፤ አምነኸኛል። ያንን ነው ወስደህ ለቢጫ ቆብ የሰጠሃት።

ስለዚህ አንዱን ብቻ መልስልኝ፤ ሌላውን ተወው። እኔን ማመን የተውከው ከመቼ ጀምሮ ነው?

እኔ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለቤቴ ሰው፣

በወረቀት አይሆንልኝም ያልኩሽን በወረቀት እጽፋለሁ። ፊትሽን እያየሁ ብነግርሽ መልስሽን አልሰማውም።

ጆሮዬ ሄዷል። ግራው ቀድሞ፣ ቀኙ ቀጥሎ። ሐኪሙ ስንት ዓመት ከሞተር ጋር ኖረሃል ብሎ ጽፎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰው ከፊቴ ቆሞ ሲያወራ አፉን አይቼ እይዛለሁ። ከኋላዬ ከሆነ የለም። ስልክ ደግሞ ጭራሽ። ልጅቷ ትከሻዬን የምትነካው፣ አፏን የማየው ለዚህ ነው። የዘጋሽባት ዕለት ለኔ ብላ ዝም ብላለች፤ አትቀየሚያት።

አራተኛዋን ምት ያልመለስኩት ስላልሰማኋት ነው።

ሦስቱንም አልሰማኋቸውም።

አሁን ይኼን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዓመት ሙሉ ሐዲዱን ሦስቴ መትቼ፣ የምትመልሺበትን ያህል ቆሜ እጠብቅና እገባ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጓንቴን አውልቄ እጄን ሐዲዱ ላይ አድርጌ ንዝረትሽን እፈልግ ነበር። አንዳንዴ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ግን ሳጣራው የያዝኩት ንዝረት የውሃ ፓምፑ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መፈለጉንም ተውኩት። አለች፣ ቆማለች፣ አጥፍታለች እልና እገባለሁ። አንቺን ሳልሰማሽ ነው የገባሁት።

አዎ፣ ዝውውሩን የጠየቅኩት ራሴ ነኝ። እዚህ የሚሠሩት በመብራት ነው። ማጥፊያው ጋ ያለው ሰው ያበራል፣ ጉድጓዱ በር ላይ ይታያል። ለአለቃው እውነቱን ነግሬው ነው የተቀበለኝ። ለልጅቷም ነግሬያታለሁ። ላንቺ ያልነገርኩሽ፣ ያን ቀን “ውጣ፣ ሁለተኛ እንዳትገባ” እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው። ትክክል ትሆኚ ነበር። እኔ ደግሞ ከጉድጓዱ ውጪ ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ከመቼ ጀምሮ ነው ላልሽው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ተሳስታ አታውቅም። ሆኖም መብራቱን ሳላይ እግሬ አይነሳም። አንዴ አይቼ ደግሜ አያለሁ። ላንቺ መብራት አላስፈለገኝም።

መልሱ ይኸው ነው።

ባለቤትሽ፣ ከፈቀድሽ


ጥር 10 ቀን

ለባለቤቴ፣

በጀርባው አይደለም፣ በፊቱ ነው የጻፍኩት። ግን ቶሎ ደስ አይበልህ።

ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ። ጎረቤቴ “ምን ጻፈልሽ?” ስትለኝ፣ “ከሁሉ ሴት አስበልጦ ይወደኛል” አልኳት፤ አመዷ ቡን አለ። ከዚያ ቤት ገብቼ ደገምኩት። ደግሜ ሳነበው እንባዬ ቆመ።

አንተ ሰው እብድ ነህ እንዴ!

ባለፈው ዓመት ጥርሴን ያመመኝን ጊዜ አስታውስ። ጠዋት ጫማህን ስታስር ከኋላህ ቆሜ፣ “ዛሬ ጥርሴን ላስነቅል ነው፣ ማጥፊያው ጋ ጥበቃው ይቆምልሃል፣ ምቱን ስለማያውቅ በድምፅ ጥራው” አልኩህ። አንተም “እሺ” አልክ። እሺ ነው ያልከው! ያን ቀን ሐዲዱን ሦስቴ መትተህ፣ አለች ብለህ ገባህ። እኔ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተጋድሜያለሁ። ማጥፊያው ጋ ያለው ጥበቃው ነው፤ ያ ሰው በር ላይ ቆሞ እንኳ የሚያንቀላፋው። ስመለስ “እንዴት ዋላችሁ?” ብለው “ጋዜጣዬን ጨረስኩ” አለኝ፤ ማን ጠርቶት ማጥፊያውን ያጥፋ? ሳቅኩ እኮ! ጉንጬ አብጦ ሳቅኩ።

እኔን አምነህ ገባህ፤ እኔ ግን የለሁም። እንዲህ ያለ እምነት ለኔ ክብር እንዳይመስልህ። ሸክም ነው። እኔ ሰው ነኝ፤ ጥርሴን ያመኛል፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል፣ ያስነጥሰኛል። ለሳጥኑ ብዙ ገመድ፣ ከዚያም ፍሬን ትላለህ፤ ለራስህ ግን አንዲት ሴት ብቻ? ያስተማርከኝን ለራስህ አትማርም? እኔ አንድ ገመድ ነኝ። ጥሩ ገመድ ነኝ፣ ይኼን ማንም አይክደውም። ግን አንድ ነኝ።

ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልህ ደግሞ። እንዲያውም ብሶብኛል። ድሮ የቀናሁት ባልሆነ ነገር ነው፤ አሁን የምቀናው በሆነው ነው። ሕመምህን ከኔ በፊት ያቺ ልጅ አወቀች! እኔ ከጎንህ እየተኛሁ፣ ሬዲዮኑን ለምን ያስጮኸዋል እያልኩ ስነጫነጭ፣ እሷ በአንድ ወር አወቀች። ይኼንን ቶሎ ይቅር አልልህም። ከውሃ ፓምፕ ጋር ያምታታኸኝንም ጽፌ ይዤዋለሁ።

ዝውውር ጠይቄያለሁ። አለቃ “አንቺም?” አለኝ። “እኔም” አልኩት። ፉጨት የሚቆምለት ሰው እስኪያገኝ ትንሽ እቆያለሁ። የማጥፊያውን ቁም ነገር ያስተማርኩት አዲስ ሰው እጀታውን ከያዘለት በኋላ ነው የምነሳው፤ እሱም ነፍስ አለው፣ ለዚያውም የሚያፏጭ።

በመብራት መሥራትን እማራለሁ። አንተም ከእንግዲህ መብራት ሳታይ እንዳትገባ፤ ለኔም ቢሆን። በተለይ ለኔ።

ከዚህ ጋር የታሸገ ወረቀት አለ፤ ለልጅቷ ስጥልኝ። እንዳትከፍተው። አምኜህ ነው፤ ግን በሙጫም አሽጌዋለሁ።

የቤትህ ሰው


ጥር 10 ቀን

ቢጫ ቆብ ላደረግሽው፣

እህቴ ልበልሽ ወይስ ልጄ፣ ሳይሽ እወስናለሁ። ስልክ ዘግቼብሻለሁ፤ ይቅርታ። ግማሹ ይቅርታ ነው። ሌላውን ግማሽ ስመጣ አይቼሽ እሰጥሻለሁ።

ሰውዬዬን ላንቺ አደራ ማለት ምን ያህል እንደሚያንቀኝ አልደብቅሽም። ግን ርቀት ላይ ነኝ፣ አንቺ ደግሞ እጅሽ ማጥፊያው ላይ ነው። ስለዚህ ስሚኝ።

ሲነግሩት “እሺ” ካለ አልሰማም ማለት ነው። የሰማ ጊዜ ይከራከራል። “እሺ” ባለሽ ቁጥር ፊቱን ወዳንቺ አዙሪና ድገሚለት። አፍሽን እያየ ይስማሽ፤ ነገሩ ሲያልቅ ግን አፍሽን ዝጊ፣ ወደ ሥራው ይመለስ።

አምፖል ይቃጠላል። ከጎኑ ሁለተኛ ስቀዪ። ሁለቱም ካልበሩ አይግባ፤ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቁጣው እስከ ምሳ ነው።

መውጣት ካማረሽ፣ መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ ከዚያ አንቺ። ሌላ ሰው የሚተካሽ ከሆነ የሚተካሽን ሰው እጁን ይዘሽ ወስደሽ ሰውዬዬ ፊት አቁሚው። “ነግሬዋለሁ” ብለሽ እንዳታምኚ። እኔም ነግሬው ነበር።

እጅሽ ሲዝል በሌላው ያዢው። ስመጣ እጅሽን ከማጥፊያው ላይ የማነሳው እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ማንም እንዳያነሳው፣ አንቺም ራስሽ።

“አለሽ ወይ” ሲልሽ ሦስቴ አብሪለት። ሦስት ብቻ። በመብራት አራተኛ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዳትሞክሪያት። እሷን እኔው መጥቼ አበራለታለሁ።

ሚስቱ